ከወጥ ቤቱ በር በላይ የተሰቀለው አሳማ

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ምግብ ቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው እጁን ታጥቦ እንደተቀመጠ ዓይኑ ሽቅብ ይሄዳል። ከወጥ ቤቱ በር በላይ አንድ የጠቆረ ሳንቃ አለ። ሳንቃው ላይ አንድ የቻይና ፊደል ተቀርጿል፤ ወርቃማ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተልጧል። ‹‹ሐበሻ ቤት ውስጥ የቻይና ጽሑፍ ምን ይሠራል?›› ይለኛል። ሥራ ሲበዛብኝ ‹‹ቤት ማለት ነው›› ብዬው አልፋለሁ። ነገሩ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ዛሬ ጊዜ አለኝ፤ እናንተም ረጋ ብላችሁ ከሰማችሁኝ ከነሥሩ ልንገራችሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ይህን መንገድ ማንም በእኛ ስም አይጠራውም፤ የእኛ ሰው ሱቅም በጣት የሚቆጠር ነበር። እኔ ጸዳለ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ እጄም ምላሴም ፈጣን የሆነ ሴት ነበርኩ። ቀን ዌስትውድ ሰፈር አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት እቆርጣለሁ፤ ማታ ደግሞ በሰው ምግብ ቤት ወጥ እሠራለሁ። የሰው ወጥ ማጣፈጥ ሰልችቶኝ ነበር።

አብረውኝ የሚኖሩት የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ዘውዱ ናቸው። በሱዳን በኩል ወጥተው፣ እዚህም በገቡ በዓመታቸው ሽማግሌ የተባሉ ሰው ናቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ጋሼ ይጠራሉ፤ ሸሪኮች ሲካሰሱ ጋሼ ይጠራሉ። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ወገን ብቻ ሰምተው ሲፈርዱም አይቼ አላውቅም።

የተከራየሁት አፓርትማ ሁለት መኝታ ክፍል ነበረው፤ አንዱን ለእሳቸው ብዬ ነው የያዝኩት። እሳቸው ግን ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የሚተኙት። አልጋ ልግዛ ባልኩ ቁጥር ‹‹ለአላፊ ሰው ሶፋ ምን አነሰው?›› ይሉኛል። ሶፋው አጭር፣ እሳቸው ረጅም። ሌሊቱን እግራቸውን አጥፈው ያድሩና እኔ ሳልነሳ ብርድ ልብሱን አጣጥፈው ከሶፋው ጀርባ ያኖሩታል። ሰው ያደረበት አይመስልም። እንግዳ ሲመጣ ‹‹ጋሼ የት ነው የሚተኙት?›› እያለ ግራ ይጋባል። ባዶው ክፍል ውስጥ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛዬ ብቻውን ቆሞ ይኖር ነበር። ይህ ነገር ያናድደኝ እንደነበር አልደብቃችሁም። ‹‹የትም አይሄዱ፤ ምን ያካብዳሉ?›› እል ነበር በልቤ።

አሁን ያለሁበት ቤት በዚያን ጊዜ የቻይና ምግብ ቤት ነበር። ባለቤቱ ሚስተር ዎንግ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ሚስታቸው ሞተውባቸው፣ ጉልበታቸውም ደክሞ፣ ፓሳዴና ሴት ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ሲሉ ነው ቤቱን የያዝኩት። ቁልፉን ያስረከቡኝ ቀን ወንበር ላይ ወጥተው ሳንቃውን ሊያወርዱ እጃቸውን ዘረጉ። ትንሽ እንደቆዩ እጃቸውን ሰብስበው ወረዱ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

‹‹ሆም›› አሉኝ። ‹‹ዩ ኪፕ።›› ቤት ማለት ነው፤ ላንቺ ይሁን ማለታቸው ነው።

ደስ አለኝ። ቤት የሚል ቃል ቤት ውስጥ ቢሰቀል ማንን ይጎዳል? በዘይት ወልውዬ ባለበት ተውኩት። ድስትና መጥበሻቸውን ግን አልተቀበልኩም፤ የአሳማ ሥጋ የተሠራበት ነዋ። ምድጃውን ፈግፍጌ፣ ግድግዳውን ቀብቼ፣ ዕቃውን ሁሉ አዲስ ገዛሁ። ከዚያ ሁለቱንም ሥራዬን ለቀቅሁ።

ማክሰኞ ልከፍት፣ ቅዳሜ ዕለት ቤቱን አስባረክሁ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጸበል ሲረጩ ሳንቃውንም አልማሩትም፤ እንዲያውም ከፍ ያለ ስለነበር ክንዳቸውን አንስተው ደህና አድርገው አራሱት። ምግቡ ቀረበ፤ ሰው እጁን ታጠበ። የቀረው ዳቦው ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ጋሼ ዘውዱ ዳቦ ቆርሰው ያልመረቁት ቤት የእኛ ሰው ገብቶ አይበላም ነበር። ሕግ ሆኖ አይደለም፤ ሰው እሳቸውን አይቶ ነው የሚከተለው። ጋሼ ከቆረሱ ማክሰኞ ቤቴ ይሞላል። ካልቆረሱ ለማን ልከፍት ነው?

የአክስቴ ልጅ ዮናስም መጥቶ ነበር። ዌስትውድ ያለው ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ከሚወስዳቸው ትምህርቶች አንዱ ቻይንኛ ነው። ለምን ቻይንኛ እንደመረጠ እናቱም አታውቅም። ጋሼ ቢላዋውን አንስተው ‹‹በስመ አብ›› ሊሉ ሲሉ ዮናስ ሽቅብ አየና ፊቱ በራ።

‹‹ጋሼ፣ ይሄን እኮ አውቀዋለሁ። ክላስ ስንጀምር ነው የተማርነው።››

ጋሼ ቢላዋውን እንደያዙ ጠበቁት። ልጁን ይወዱታል።

‹‹ይዩት፣ ከላይ ያለው ጣሪያ ነው። ከሥሩ ያለው ደግሞ ፒግ።››

‹‹ምን አልክ?››

‹‹አሳማ። ጣሪያ ሥር ያለ አሳማ። ሶ፣ ሁለቱ ሲገጥሙ ቤት ማለት ነው። ኢንተረስቲንግ አይደል?››

ኢንተረስቲንግ ነው ብሎ የተስማማለት ሰው አልነበረም።

ለማታውቁ ላስረዳ። ባደግንበት አገር ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት ምልክት ይሰቅላል። መስቀል ካለ የክርስቲያን ሥጋ ነው፤ ጨረቃ ካለ የእስላም ነው። ሰው ምልክቱን አይቶ ይገባል፣ ወይም አይቶ ያልፋል። ያን ቀን እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ሲያነቡ የኖሩ ናቸው። አሁን ከወጥ ቤቱ በር በላይ፣ ልክ ምልክት በሚሰቀልበት ቦታ፣ አሳማ ተሰቅሏል ተባለ። ቻይናው ድሮ እዚህ አሳማ መሥራቱን ሁሉም ያውቃል፤ ማወቅና ተጽፎ ማየት ግን ለየቅል ነው። አንዲት ሴትዮ ቀስ ብለው ‹‹ታዲያ ጸበሉ ምን ላይ ነው ያረፈው?›› ሲሉ ቄሱ የገዛ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ወንበር ጎትቼ ተነሳሁ። አሁኑኑ አውርጄ እፈልጠዋለሁ አልኩ። ጋሼ በእጃቸው ከለከሉኝ።

‹‹ተይ። ጸበል ያረፈበት ዕቃ አይፈለጥም። ደግሞ ባለቤቱ በሕይወት አሉ። ሳይጠየቅ አይፈረድም።››

ቢላዋውን ከዳቦው አጠገብ አኖሩና ዳቦውን በነጭ ጨርቁ መልሰው ሸፈኑት። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰውየውን ሄደን እንድንጠይቅ፣ ዳቦውም እስከዚያ እንዲቆይ ተናገሩ። ሰው ሁሉ ‹‹አይዞሽ›› እያለኝ አንድ በአንድ ወጣ። የሚቆጣኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እመልስለት ነበር፤ ለ‹‹አይዞሽ›› ግን መልስ የለኝም። ዮናስ ጥግ ላይ ቆሞ ‹‹ሶሪ፣ ሶሪ›› ይላል። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ፣ ማንም ያልነካውን ወጥ እያየሁ አለቀስኩ።

እሑድ ሳንቃውን አውርጄ በአንሶላ ጠቀለልኩት። ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ያዙት፤ ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከኋላ ተቀመጡ። መንገዱ ወደ ፓሳዴና ነው። እኔ መሪውን ይዤ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ‹‹አዎ፣ አሳማ አለ ማለት ነው›› ካሉ ጋሼ ቤቴ አይበሉም። ጋሼ ካልበሉ ደግሞ አልቆልኛል።

ሚስተር ዎንግ ከልጃቸው ቤት ጓሮ አትክልት ሲያጠጡ አገኘናቸው። እኔን አይተው ፈገግ አሉ፤ ነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ከኋላዬ ሲያዩ ግን ማጠጫውን አስቀመጡ። ገብተው ወንበር አወጡ። የእኛዎቹ እጅ ነስተው አመሰገኑ፤ አልተቀመጡም። ሽማግሌ ለጉዳይ ሄዶ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ሚስተር ዎንግ ወንበሩ ያልተመቸ መስሏቸው ሌላ ወንበር አመጡ። ቀጥለው ትራስ አመጡ። ቀጥለው ሻይ። እንግዳ ቆሞ መቀመጥ ስላልሆነላቸው እሳቸውም ቆሙ። አራት አዛውንት ባዶ ወንበር ከበው ቆመው ሻዩ ቀዘቀዘ። እኔ መሐል ላይ ሆኜ የማንን ባህል ለማን እንደማስረዳ ጠፋኝ።

በመጨረሻ ጋሼ አንሶላውን ገለጡ።

‹‹እኚህ ሰው ይህን ሲሰቅሉ ለበላተኛው ምን ማለታቸው ነበር? አሳማ እዚህ ይበላል ማለታቸው ነው? እንዲህ ብለሽ ጠይቂልኝ፤ ምንም እንዳትጨምሪ።››

ሳልጨምር ጠየቅኩ። ሚስተር ዎንግ ፊደሉን አዩ፤ እኛን አዩ፤ ነገሩ ገባቸው። አልሳቁብንም። ዘመናቸውን ሙሉ አሳማ እንደሸጡ፣ ለዚያ ግን ምልክት አስፈልጓቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ። ሽታው ራሱ መንገድ ድረስ ወጥቶ ሰው ይጠራላቸው ነበር። ይህን ስተረጉም ከሽማግሌዎቹ አንዱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ከዚያ ሚስተር ዎንግ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ማጠጫው ውስጥ ነከሩና ሲሚንቶው ላይ መሳል ጀመሩ። ፊደሉ ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ሥዕል እንደነበር ነገሩን። መጀመሪያ ጣሪያና ሁለት ግድግዳ ሣሉ። ከሥሩ ሆዱ የተነፋ፣ ጅራቱ የተንጠለጠለ አሳማ ሣሉ። እውነትም አሳማ ነው፤ ዮናስ አልዋሸም። አሳማው ለምን እዚያ እንደገባ የአገራቸው ሊቃውንት እንዳልተስማሙ ነገሩን። አንዱ ለሞቱ አባቶች የሚቀርብ መሥዋዕት ነው ይላል፤ ሌላው የአሳማው ስም ድምፅ ፊደሉን ለማንበብ ስለሚረዳ ብቻ ነው የገባው ይላል።

‹‹እርስዎስ ምን ይላሉ?›› አልኳቸው።

‹‹እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር›› አሉ። ‹‹ግን እንዲህ ትለን ነበር። ላም፣ በግ፣ ፈረስ፣ ሰው ሲሰደድ ፊት ፊት እየተነዱ ይሄዳሉ። አሳማ ግን ለሩቅ መንገድ አይነዳም። ስለዚህ አሳማ ያለበት ደጅ ካያችሁ፣ እዚያ ያለው ሰው ልቀመጥ ብሎ ቆርጧል ማለት ነው። ቤት የሚባለው እሱ ነው።››

ሳንቃውን የቀረጹት አባታቸው እንደሆኑም ነገሩኝ። እሳቸው መጀመሪያ ወደዚህ ሲመጡ አባትየው ያዝ ቢሏቸው እምቢ ብለው ትተውት መጡ። ‹‹ሠርቼ ልመለስ ነው፤ የምን ቤት?›› አሉ። ብዙ ዓመት አለፈ። በኋላ ሚስታቸው ሲመጡ ሳንቃውን በልብስ ጠቅልለው ይዘው መጡና፣ ባላቸውን ሳይጠይቁ ወንበር ላይ ወጥተው ራሳቸው ሰቀሉት።

ይህን ተርጉሜ ስጨርስ ጋሼ ወደ ሚስተር ዎንግ ዞሩ። ቀጥሎ የጠየቁት ያልጠበቅኩትን ነው።

‹‹ሚስታቸው እስኪመጡ የት ነበር የሚተኙት?››

ሚስተር ዎንግ ጥያቄው አላስገረማቸውም።

‹‹ወጥ ቤቱ ውስጥ። ሁለት ወንበር ገጥሜ›› አሉ። ‹‹አልጋ ለምኔ? ነገ እሄዳለሁ እል ነበር።››

ይህን ወደ አማርኛ መለስኩት። ጋሼን ማየት ፈራሁ፤ ግን አየኋቸው። ሲሚንቶው ላይ ያለውን ሥዕል እያዩ ነው። ውኃው ከጅራቱ በኩል መድረቅ ጀምሯል። ጋሼ ከጀርባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው ዳሰሱና ተቀመጡ።

ሌሎቹም ተቀመጡ። ሚስተር ዎንግም ተቀመጡ። ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ይህን ለሚስተር ዎንግ የነገራቸው ሰው የለም፣ ግን የገባቸው ይመስለኛል። የቀዘቀዘውን ሻይ ደፍተው ሌላ ቀዱ። ጋሼ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ቀስ ብለው ደግሞ ነገር ጀመሩ። በአባታቸው ቤት ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የንብ ቀፎ ይሰቀል ነበር። ንብ በልምጭ አይነዳም፤ ‹‹ና›› ቢሉት አይመጣም፣ ሰላም ያጣ ዕለት ጥሎ ይሄዳል። ንብ የገባበት ቤት ሲሳይ ገባው ይባላል። ‹‹የእኛ ፊደል በሥዕል ቢሆን ኖሮ›› አሉኝ፣ ‹‹ጣሪያው ሥር ቀፎ ነበር የሚገባው። እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው።›› ስነግራቸው ሚስተር ዎንግ ጣታቸውን እንደገና ነክረው በደረቀው አሳማ ፈንታ ጣሪያው ሥር ክብ ነገር ሣሉ፤ በዙሪያውም ነጠብጣብ አደረጉለት። ሁለቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ሲተያዩ የተሳሳቁት ያኔ ነው።

ልንነሳ ስንል እኔም በልቤ የያዝኩትን ጠየቅኩ። የአባታቸውን ሥራ፣ ሚስታቸው የሰቀሉትን፣ ለምን ለእኔ ተዉልኝ?

‹‹ቤቱን ለማየት ስትመጪ መጀመሪያ የጠየቅሽኝ ምን እንደሆነ ታስታውሻለሽ?››

አላስታወስኩም።

‹‹ሽንኩርት የት ቢቀመጥ ነው የማይበላሸው ብለሽኝ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ስለ ኪራይ ነው የጠየቁኝ። ሽንኩርት የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ሰው አይሄድም ብዬ ነው።››

ስንመለስም ጋሼ ሳንቃውን ጉልበታቸው ላይ ይዘውት ነበር፤ አሁን ግን አንሶላው ተገልጧል። ፌርፋክስ ስንደርስ ወደ ቤት አልሄድም አሉ። ወንበር ላይ ወጥተው ሳንቃውን በቦታው ሰቀሉት፤ እኔን አላስነኩኝም። ለሰው ሁሉ ስልክ ደወልኩ፤ ቀድሞ የደረሰው ዮናስ ነው፣ ፊቱ እንደጥፋተኛ ሆኖ። ጋሼ አጠገባቸው አስቀመጡትና ሁሉም ሲሰበሰብ ያዩትንና የሰሙትን ሳያስረዝሙ ተናገሩ።

‹‹ልጁ እውነት ነው የተናገረው። ፊደሉ ውስጥ አሳማ አለ። ድስቱ ውስጥ ግን የለም። ጸዳለ ነገ ከውጭ በሩ ላይ መስቀል ትሰቅላለች፤ ስለ ሥጋው እሱ ይናገራል። ይሄኛው የሚናገረው ስለ ቤቱ ነው።››

ከዚያ ቢላዋውን አነሱ። ዳቦው አንድ ቀን ያደረ ስለሆነ ቅርፊቱ ጠንክሮ ነበር፤ ቆረሱት፣ መረቁ፣ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለቄሱ፣ ሁለተኛውን ለዮናስ ሰጡ። ያን የተሞቀ የቅዳሜ ወጥ ያህል የጣፈጠ ምግብ ከዚያ ወዲህ አልሠራሁም። ማክሰኞ ዕለት ቤቱ ሞላ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ‹‹ይህ ምን ለወጠልሽ?›› ትሉኝ ይሆናል። እኔ በዚያ ሳንቃ ምክንያት ጋሼን ብቻ አይደለም የተረዳሁት፤ ራሴንም አየሁ። እሳቸውን ‹‹ምን ያካብዳሉ›› እላለሁ እንጂ፣ እኔም በአፓርትማዬ ግድግዳ ላይ አንዲት ምስማር መትቼ አላውቅም ነበር። ሥዕል እንኳ መሬት ላይ አስደግፌ ነው የማኖረው። ከዚያ በኋላ ግን በየማለዳው የሚጠብቀኝ ሊጥ ነበረኝ። ሊጥ ነገ ልምጣ ቢሉት አይሰማም፤ እርሾን ጥሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ የለም። አሳማዬ እሱ ነው ብዬ እቀልዳለሁ። ሰው አዲስ አገር ገብቶ ሲቸገር፣ እኔ ዘንድ መጥቶ ‹‹ልሂድ ወይስ ልቀመጥ?›› ሲለኝ፣ ምክር አልሰጥም። የማይነዳ ነገር ይዞ እንደሆነ ብቻ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ አስቦ ይስቃል፤ አንዳንዱ ዓይኑ እንባ ይሞላል። ሚስተር ዎንግም እስኪያርፉ ድረስ አልፎ አልፎ ከልጃቸው ጋር እየመጡ በሳንቃው ሥር ተቀምጠው ሽሮ ይበሉ ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን እሑድ እንግዶቹን ሸኝተን ወደ አፓርትማችን ስንገባ ገና ብርሃን ነበር። ጋሼ እንደልማዳቸው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ተነሱና የባዶውን ክፍል በር ከፈቱ።

‹‹ጸዳለ›› አሉኝ።

‹‹አቤት ጋሼ።››

‹‹ይህን መተኮሻሽን ሌላ ቦታ አታገኚለትም?››

ማልቀሴን እንዳያዩብኝ ፊቴን አዞርኩ። አገኝለታለሁ አልኳቸው።

‹‹እንግዲያውስ አልጋውን ስትገዢ ረዘም ያለ ይሁን›› አሉኝ።